የካሉብ ጋዝ ጅማ ድረስ?

አከራዬ እማማ ከሰል እያራገቡ "ልጄ፣ ካሉብ ጋዝ ወጣ አሉ፤ ለእኛስ መቼ ይረክሳል?" አሉኝ። ቶሎ አይመስለኝም።

በሲሊንደር የምንገዛው ቡታጋዝ ፕሮፔንና ቡቴን ነው። በሶማሌ ክልል የሚገኘው የካሉብ ጋዝ ግን በዋናነት ሚቴን ነው፤ ፈሳሽ እንዲሆን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ድረስ መቀዝቀዝ አለበት፣ ያኔ መጠኑ 600 ጊዜ ያህል ያንሳል። ትልቁ ወጪ እዚህ ላይ ነው። ጋዙን ፈሳሽ የሚያደርገው ፋብሪካ አንድ ሊትር ሳይሸጥ ቢሊዮኖች ይፈሱበታል፣ ስለዚህ አበዳሪዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ለ15 ወይም ለ20 ዓመት የሚፈርም ገዢ አምጡ ይላሉ። የሞዛምቢክን እዩ። የ20 ቢሊዮን ዶላር የፈሳሽ ጋዝ ፕሮጀክት በ2021 እ.ኤ.አ. በጸጥታ ችግር ቆመ፤ ሲቆም ግን ወጪው አብሮ አይቆምም። ጅማ ውስጥ እሸት ቡና ማጠቢያ የተከለ ነጋዴ ይህ በደንብ ይገባዋል፦ ማሽኑ ተገዝቶ ቡናው ካልመጣ ወለዱ አይጠብቅም።

መስከረም 2018 የተመረቀው የካሉብ የመጀመሪያ ምዕራፍ የማምረት አቅሙ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ነው። በትንሹ መጀመሩን ወድጄዋለሁ። ወደብ የለንም፣ ቧንቧ እስኪዘረጋ በቦቴ መጫን ግድ ነው፣ ከሶማሌ ክልል ጅማ ድረስ ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው። እኔ መጀመሪያ ለከባድ መኪናና ለፋብሪካ ይዋል ባይ ነኝ፤ ናፍጣውን እኮ በዶላር ነው የምናስገባው።