ዮጋ ኒድራ፦ ተጋድሞ፣ ነቅቶ ማረፍ

ዮጋ ሲባል ብዙ ሰው ወገብ ማጠፍና በአንድ እግር መቆም ይታየዋል። እኔ የዘወትር ልማዴ ያደረግሁት ዮጋ ኒድራ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጀርባ ተንጋልሎ፣ ሳይንቀሳቀሱ፣ የመሪን ድምፅ እየተከተሉ የሚፈጸም የዕረፍት ልምምድ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይወስዳል፤ ዓላማውም አካል እንዲያርፍ፣ አእምሮ ግን እንቅልፍ ሳይወስደው ድምፁን እየሰማ እንዲቆይ ነው። በተለይ ለሴቶች ልጽፍበት የተነሣሁት ጥቅሙን ስለማውቅና በጥቅሙ ላይ የሚከመረው ማጋነን ስለሚያስከፋኝ ነው።

ልምምዱን ዛሬ በስፋት በሚታወቅበት መልክ ያደራጁት ሕንዳዊው መነኩሴ ስዋሚ ሳትያናንዳ ሳራስዋቲ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 በቢሃር ግዛት፣ በሙንገር ከተማ የዮጋ ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ ዘዴውን የሚያስረዳውንም መጽሐፍ በ1976 አሳተሙ። መነሻ ያደረጉት ኒያሳ የሚባለውን፣ ታንትራ ከተሰኘው የሕንድ ሃይማኖታዊ ትውፊት የመጣውን ሥርዓት ሲሆን፣ በዚያ ሥርዓት አምላኪው የአካሉን ክፍሎች በተራ እየነካ በእያንዳንዳቸው ላይ የተቀደሰ ቃል ይደግማል። እርሳቸው ቃሉንና መንካቱን ትተው ትኩረትን ከክፍል ወደ ክፍል ማዘዋወሩን ብቻ ያዙ። ስለዚህ “የሺህ ዓመታት ጥበብ” የሚል ማስታወቂያ ሳይ ፈገግ እላለሁ። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ጡንቻን በማላላት የሚያሳርፈውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1929፣ ጀርመናዊው ዮሐንስ ሹልትዝ ደግሞ አካል ክብደትና ሙቀት እንዲሰማው በማድረግ የሚሠራውን በ1932 አሳትመው ነበርና፣ የዛሬው ዮጋ ኒድራ ከእነዚህም ጋር ብዙ ይመሳሰላል። ዕድሜው ማጠሩ ግን በእኔ ዘንድ ዋጋውን አይቀንሰውም።

አፈጻጸሙ ቀላል ነው። ወለል ላይ ምንጣፍ፣ በላዩም የታጠፈ ጋቢ ይነጠፋል። ከጉልበት ሥር ትራስ ማስገባት ወገብን ያሳርፋል፤ ያለ እንቅስቃሴ የቆየ ሰው ስለሚበርደው ብርድ ልብስ መደረብ፣ ዓይንንም በነጠላ መሸፈን ይጠቅማል። መሪው በመጀመሪያ ሳንካልፓ የሚባለውን አጭር የልብ ውሳኔ ሦስት ጊዜ ለራሳችን እንድንናገር ይጠይቃል። ቀጥሎ የልምምዱ እምብርት የሆነው የአካል ዙር ይጀመራል፦ የቀኝ እጅ አውራ ጣት፣ ጠቋሚ ጣት፣ የመሐል ጣት፣ የቀለበት ጣት፣ ትንሿ ጣት፣ መዳፍ፣ የእጅ አንጓ፣ ክርን፣ ትከሻ፣ ብብት፣ ጎን፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ጉልበት፣ ባት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ተረከዝ፣ ውስጥ እግር። ከዚያ ግራው፣ ጀርባው፣ በመጨረሻም ፊት። ስሙ የተጠራውን ክፍል ማንቀሳቀስም ሆነ ማላላት አይጠበቅም፤ ልብ ብሎ ማለፍ ብቻ በቂ ነው። ቀኙ አልቆ ወደ ግራ ሲታለፍ የቀኝ ጎኔ ከግራው ይልቅ ከብዶ ወለሉ ውስጥ የሰመጠ ያህል ይሰማኛል፤ ድምፁ መንጋጋ ላይ ሲደርስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጥርሴን ነክሼ መዋሌን ያን ጊዜ አውቃለሁ። ከዙሩ በኋላ ትንፋሽን ከ27 ወደ 1 ቁልቁል መቁጠር፣ ክብደትንና ቅለትን፣ ሙቀትንና ቅዝቃዜን በየተራ መሰማት ይከተላል። በመጨረሻ መሪው የሚጠራቸውን ምስሎች በሐሳብ ማየት አለ፤ ይህን ክፍል እኔ ብዙም አልወደውም፤ ሲያጥር ይሻለኛል።

ውጥረት ሲበዛ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉት ሆርሞኖች ልብን ያፈጥናሉ፣ ጡንቻን ይወጥራሉ። ተጋድሞ በዝግታ መተንፈስ፣ በተለይም ትንፋሽን ረዘም አድርጎ ማስወጣት፣ ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቫገስ ነርቭ በኩል የልብ ምትን ያዘገያል። የሴቶች ጤና ከዚህ ጋር የሚያያዘው ብርቱና የቆየ ውጥረት ከአንጎል የሚነሣውንና የእንቁላል መለቀቅን የሚመራውን የሆርሞን ሰንሰለት ስለሚያውክ ነው፤ የወር አበባ የሚዘገየው ወይም የሚቀረው አንዳንድ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። በሰሜን ሕንድ፣ በላክናው ከተማ የተካሄደ ጥናት የወር አበባ መዛባት ያለባቸውን 150 ሴቶች በሁለት ቡድን ከፍሎ፣ አንደኛው ቡድን ከመድኃኒቱ በተጨማሪ ለስድስት ወራት ዮጋ ኒድራ እንዲለማመድ አድርጎ ነበር። በውጤቱም ቀላልና መካከለኛ የነበረው ጭንቀትና ድብርት ከሌላው ቡድን ይበልጥ ቀነሰ፤ በከባዱ ላይ ግን ጉልህ ለውጥ አልታየም። እኔ ይህን ጥናት የምወደው በዚህ በሁለተኛው ግማሹ ነው፤ ዮጋ ኒድራ እስከ የት እንደሚሄድ ያሳያልና።

“አንድ ሰዓት ዮጋ ኒድራ የአራት ሰዓት እንቅልፍ ይተካል” የሚለው አባባል ግን ማስረጃ የለውም፤ በተለይ ሌሊት ሕፃን ስታጠባ የምታድር እናት ይህን ሰምታ እንቅልፏን በልምምድ ልትተካ ብትሞክር ትጎዳለች። ደሟ በየወሩ በብዛት የሚፈስ ሴትም ድካሟ የመጣው ከብረት ማነስ ከሆነ፣ ተጋድማ የምትሰማው ድምፅ ደሟን አይመልስላትም፤ የደም ምርመራ ያስፈልጋታል። ከሥራና ከትምህርት የሚያስቀር የወር አበባ ሕመምም እንደዚሁ ነው። “ዘና በይ” የሚለው ምክር ሴትን ከሐኪም የሚያርቅ ሲሆን ከመጥቀም ይልቅ ይጎዳል።

ከእምነት አንጻር የሚነሣውንም ጥያቄ አላልፈውም፤ ወዳጆቼ ደጋግመው ጠይቀውኛልና። ልምምዱ የሕንድ ሃይማኖት ውስጥ ሥር እንዳለው መካድ ሐቀኝነት አይሆንም። እኔ የምለማመደው ድግምት የሌለበትን፣ አካልንና ትንፋሽን ብቻ የሚጠራውን ነው፤ ይህም የሚከብዳት እህት ብትተወው የምትከሰስበት ነገር የለም። ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ለመምህር ያለ ጥያቄ መታዘዝ ነው። የአውስትራሊያ መንግሥት ያቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ከሳትያናንዳ ትምህርት ጋር በተያያዘ አንድ አሽራም (ተማሪዎች ከመምህር ጋር የሚኖሩበት ገዳም መሰል ስፍራ) ውስጥ በሕፃናት ላይ ስለተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ምስክርነት ሰምቷል። ዓይኑን ጨፍኖ የተጋደመ ሰው ራሱን አሳልፎ የሰጠ ሰው ነውና፣ ድምፁ የማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የማይመችን መመሪያ መዝለል፣ ዓይንን መክፈት፣ ተነሥቶ መሄድም ይፈቀዳል፤ ይህን የማይፈቅድ መሪ መሪ አይደለም። ጥቃት ደርሶባት የምታውቅ ሴት ከመጀመሪያው ዓይኗን ገልጣ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ ብትቀመጥ ይሻላታል። ነፍሰ ጡር ደግሞ እርግዝናዋ ከተጋመሰ በኋላ በጀርባዋ መንጋለል የለባትም፤ ማሕፀኑ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን ደም መልስ ስለሚጫን፣ በጎኗ፣ በተለይም በግራዋ ተኝታ በጉልበቶቿ መካከል ትራስ ታድርግ።

በገበያ ያለው የዮጋ ኒድራ የድምፅ ቅጂ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛ የማይቀናት እናት ቃሉን ስትፈታ ዕረፍቷ ያልቃል። ስለዚህ ከላይ የጻፍሁትን የአካል ዙር በስልካችሁ፣ በራሳችሁ ወይም በምትወዱት ሰው ድምፅ በአማርኛ ቅዱ። የምትቀዱት ሰው ድራማ እንደሚተርክ አይጩህ፤ እንደ ወትሮው ይናገር። በአንዱና በሌላው አካል መካከል የአንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ አእምሮ ወደ ገበያ ዝርዝሩ ይሄዳል፣ ካጠረ ደግሞ ጣቶቹ ሳይሰሙ ያልፋሉ። ማብቂያው ላይ ወዲያው ቀጥ ብሎ መነሣት የራስ ማዞር ስለሚያስከትል፣ “ወደ ቀኝ ጎንሽ ዙሪ፣ ጥቂት ቆይ፣ ከዚያ እጅሽን ተደግፈሽ ተነሺ” የሚለውን ጨምሩበት።