ከዶሮዋ በፊት ክትባቱን ፈልጉ

ጎመን ማብቀል ያቃተው ሰው አላየሁም፤ ስለዚህ እሱን በአጭሩ ልለፈው። ጆንያ ውስጥ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሙሉ፣ ችግኙን ትከሉ፣ የታች የታቹን ቅጠል እየቀነጠሳችሁ ብሉ። ጫፉን ካልነካችሁት ለወራት ይሰጣል። ቆስጣም እንደዚሁ ነው። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የአትክልት ትራፊ ሁሉ ጓሮ ጥግ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ከደረቅ ቅጠል ጋር ይበሰብሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ብቻ አታስገቡ። አቃቂ ወንዝ ዳር በተበከለ ውሃ የሚለማ አትክልት አዲስ አበባ ገበያ እንደሚገባ እያወቅኩ ዝም ብዬ መግዛቱ ስለከበደኝ ነው የጀመርኩት። በዚህ በኩል ደስተኛ ነኝ።

ያበገነኝ ዶሮው ነው።

የሌማት ትሩፋት ኅዳር 2015 ከተጀመረ ወዲህ ወረዳ ሄዶ ስለ ዶሮ የጠየቀ ሰው የሚሰማው መቼም ይታወቃል። የ45 ቀን ጫጩት ውሰዱ፣ የተሻሻለ ዝርያ ነው፣ በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል ይጥላል፣ የሐበሻ ዶሮ 60 ከጣለች ብርቅ ነው። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። ዶሮ ስለሚጨርሰው በሽታ፣ ስለ ፈንግል፣ ግን አንድ ቃል የተነፈሰልኝ የለም።

ለማታውቁት፦ ጠዋት ዶሮዋን ጥግ ላይ ኩርምት ብላ ታገኟታላችሁ። ክንፏ ይወድቃል፣ ኩሷ አረንጓዴ ይሆናል፣ አንዳንዷ አንገቷ ይጠመዘዛል። መድኃኒት የለውም። በሽታው ቫይረስ ስለሆነ ቴትራሳይክሊን የሚሸጥላችሁ ሰው ብራችሁን እየበላ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና አረቄውንም ተዉት። ያለው ክትባት ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚሁ አፍንጫችን ስር፣ ቢሾፍቱ ይመረታል።

ታዲያ ምኑ ይከብዳል? ብልቃጧ ናት ጣጣው። አንዷ ብልቃጥ ለመቶዎች ዶሮ የምትበቃ ናት፣ አንዴ ከተበጠበጠች ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለባት። የእኔ ዶሮዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ጽሕፈት ቤት ሄጄ ስጠይቅ ባለሙያው፣ «እናት፣ ለዚህ ብዬ ብልቃጥ አልከፍትም። ሰው ሲበዛ እንደውልልዎታለን» አለኝ። የደወለ የለም። ተመላለስኩ። አንዴ ስብሰባ ናቸው፣ አንዴ መስክ ወጥተዋል፣ አንዴ መኪና የለም። ጫጩቱን ሲያድሉ ግን መኪናው ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ ባለሙያው መጣ። አመጣጡን ልንገራችሁ። ብልቃጧን ከሸሚዝ ኪሱ አወጣት። በረዶ የለ፣ ፔርሙዝ የለ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ ያለባትን ነገር በጠራራ ፀሐይ በኪሱ ይዟት ሲዞር ውሏል። ከዚያ ከቧንቧ ውሃ ቀዳና በጠበጣት።

«ወንድሜ፣ የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለው እኮ፤ አይገድለውም?» አልኩት።

«ችግር የለውም፣ እናት።»

ዶሮዎቹ ቀድሞ ውሃ ስላልተነሳባቸው አልጠማቸውም። አንድ ሁለቴ ፉት አሉና ወደ ጥሬያቸው ተመለሱ። እሱ መዝገቡን ገለጠ፣ «ተከትበዋል» ብሎ ጻፈ፣ አስፈረመኝና ሄደ።

ከበዓሉ በኋላ ፈንግል ሰፈሩን ጠረገው። የእኔም አልተረፉም። እጄ ላይ የምትለቅመው ቡናማዋ መጨረሻ ሞተች። አንገቷ ተጣሞ እንኳ ጥሬ ልትለቅም ትሞክር ነበር፤ መንቁሯ ጥሬውን እየሳተ መሬቱን ይመታል። ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። መዝገቡን አውጥተው አሳዩኝ፦ «ተከትበዋል ይላል እኮ፤ ፊርማዎም ይኸው።» እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ዳግመኛ ስጀምር ከጫጩቱ በፊት ጎረቤት ሰበሰብኩ። ዶሮ ያለው ሁሉ ብር ያዋጣል፣ ቀን እንቆርጣለን፣ አንዳችን በረዶ የያዘ ፔርሙዝ ይዞ ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ብልቃጧን ያመጣል። ማታ የውሃ ዕቃውን እናነሳለን፤ ጎህ ሲቀድ ጠምቷቸው ይጠብቁናል። የዝናብ ውሃ ካለ እሱን ነው የምንጠቀመው። ከሌለ የቧንቧውን ክፍት ባልዲ ውስጥ አሳድረን፣ በሊትር ከ2 እስከ 4 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት እንጨምርበታለን፤ ክሎሪኑን የሚያበርደው እሱ ነው። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ ብረት አይሁን። በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት። በየጥቂት ወሩም ይደገማል። ይሄን ሁሉ የምናደርገው ያለ ወረዳው ነው፣ እስካሁንም ይዞልናል።

ሌላም የማልስማማበት አለ። የወረዳ ሰዎች «የሐበሻዋን አስወግዱ» ይላሉ። አታስወግዱ። የተሻሻለችው እንቁላል ትጥላለች እንጂ አትታቀፍም፤ ጫጩት በፈለጋችሁ ቁጥር የእነሱኑ ደጅ ልትጠኑ ነው። ደግሞ ዶሮ በወጥ ቤት ትራፊ ብቻ ትኖራለች የሚላችሁን አትመኑ። መኖ ይገዛል፣ መኖ ውድ ነው። እኔ የምካካሰው በኩሱ ነው፤ ከጉድጓዱ ብስባሽ ጋር ሲዋሃድ ጎመኑን ያወፍረዋል።

የበዓል ሰሞን ደግሞ ተጠንቀቁ። ፈንግል ብዙ ጊዜ የሚገባው ከገበያ በመጣች የበዓል ዶሮ ነው። ጎረቤት «እስከ ነገ እናንተ ጋ ትታሰር» ቢላችሁ እንቢ በሉ። ቅር ይለዋል። ይበለው።