አምና የተወለደው ጎማዬ

ነሐሴ 2016፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ዝናብ። ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚወስደው ዳገት ላይ ዲኤክሴ፣ አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላዬ፣ አፍንጫዋን ወደ ጊዮርጊስ አቅንታ በኋላዋ ወደ ፖስታ ቤት ትመለሳለች። ሞተሩ ይጮሃል፣ የኋላ ጎማ ባዶውን ይሽከረከራል፣ እኔ ፍሬን እይዛለሁ፣ እንደገና እሞክራለሁ። በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ አንድ ስንዝር ወደ ታች። አክስቴ ከጎኔ ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

«ልጄ፣ የረሳነው ዕቃ አለ እንዴ? ለምን ተመለስን?» አሉኝ።

የሚያናድደው ደግሞ ሁሉን ለክቼ የገዛሁት ጎማ መሆኑ ነው። በግምት የገዛሁት ቢሆን እኮ ባልተቃጠልኩ።

የዲኤክስ ቸርኬ አራት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋቱ 114.3 ሚሊሜትር ነው። የቪትዝም አራት ቀዳዳ ነው፣ ግን 100 ሚሊሜትር ስለሆነ አይገጥምም። «በትራፓኖ አስፍተን እንገጥመዋለን» የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። ዳዶው የሚያርፍበት ሾጣጣ ቦታ አንዴ ከተበላሸ ምንም ብታጠብቁት ይላላል፤ ጎማችሁም አንድ ቀን ቀድሟችሁ ይሄዳል።

ቁመቱንም አስልቻለሁ። የቀድሞ ጎማዋ 155/80 አር 13 ነበር። 155 ወርዱ ነው በሚሊሜትር፤ የጎኑ ከፍታ የዚያ ሰማንያ በመቶ፣ 124 ነው፣ ከላይና ከታች ስለሆነ 248፣ የ13 ኢንች ቸርኬ 330 ሲጨመርበት 578 ሚሊሜትር። የገዛሁት 195/50 አር 15 ደግሞ 195 ሲደመር 381፣ ይሄውላችሁ 576። የሁለት ሚሊሜትር ልዩነት ብቻ! ይሄ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ ጎማው ቁመት በጨመረ ቁጥር ማርሹ ይከብዳል። የዲኤክስ ሞተር 1,300 ሲሲ ነው፤ በአዲስ አበባ ዳገት ላይ እንኳን ተጨማሪ ሸክም፣ የራሱም ይበዛበታል። ፍጥነት መቁጠሪያውም መዋሸት ይጀምራል።

ቸርኬው ወደ ውስጥ ገብቶ ሾካብዞርበሩን እንዳይነካ፣ ወደ ውጭ ወጥቶም ፓራፋንጎውን እንዳይበላ፣ አንዱን ብቻ አስገጥሜ መሪውን እስከ መጨረሻው ወዲያና ወዲህ ጠምዝዣለሁ። ሁለት ጎረምሶች ከኋላ አስቀምጬ በጭነትም አይቻለሁ። የቸርኬው የመሀል ቀዳዳ ከሞዞው፣ ቸርኬው ከሚታሰርበት እምብርት፣ ስለሰፋ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አስገብቻለሁ፤ ያለሱ ከ80 በላይ ስትነዱ መሪው እንደ ወንፊት ይንቀጠቀጣል። ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በመለኪያ ቁልፍ፣ ወደ 100 ኒውተን ሜትር አጥብቄያለሁ። ከ100 ኪሎሜትር በኋላም ደግሜ ፈትሻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነኝ እንግዲህ።

ጎማው ያገለገለ ነው፤ ግን ጥርሱ ሙሉ፣ መልኩ እንደ ሊስትሮ ጫማ የሚያበራ። ዕድሜውን ለማየት ተንበረከክሁ። ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጀምሮ የሚሄድ ረጅም ቁጥር አለ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የልደት ቀኑ ናቸው፦ ሁለቱ ሳምንት፣ ሁለቱ ዓመት። ብዙ ጊዜ በአንዱ ጎን ብቻ ነው ሙሉው ቁጥር የሚጻፈው፤ ወደ ውስጥ በኩል ዞሮ ከተገጠመ ከመኪናው ሥር መግባት ነው። አገኘሁት። 2315። ሃያ ሦስተኛው ሳምንት፣ 2015።

«አምና ነው የተሠራው!» አልኩት ሻጩን።

ሻጩ አየኝ፣ ጎማውን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። «አዎ» አለ። ይሄ ሰው አልዋሸኝም፤ ዝም ብሎ ተስማማኝ።

የገባው ሰው አሁን እየሳቀ ነው። ላልገባው ግን፦ ጎማ የሚያመርት ፋብሪካ መስከረም አንድ ቀን አደይ አበባ ይዞ አይወጣም። የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። 2315 ማለት በእኛ ግንቦት 2007 መጨረሻ ላይ የተወለደ፣ የዘጠኝ ዓመት ጎማ ማለት ነው። ሒሳቡ ይሄ ነው፦ ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ ከዓመቱ ላይ ስምንት ቀንሱ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰባት።

ያረጀ ጎማ ጥርሱ ባያልቅም ላስቲኩ ይደርቃል። በደረቅ አስፋልት ብዙም አይታወቅም። ውሃ ሲነካው ግን የአስፋልቱን ሸካራነት መንከስ ትቶ ከላይ ከላይ ይንሸራተታል። በአውራ ጣት ጥፍራችሁ የጥርሱን አናት ጫን በሉት፤ ጥፍር ገብቶ ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ሕይወት አለው፣ እንደ ጠረጴዛ ከሆነ ተዉት። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆችንም ፈልጉ። ያ የሚያበራው ቀለም እነሱን ለመሸፈንም ይቀባል።

ታዲያ ያን ቀን ጠዋት ለምን አላወቅሁም? ጤፍ! ከእህል በረንዳ አንድ ኩንታል ጤፍ ለአክስቴ ጭኜ፣ በፒያሳ፣ በራስ መኮንን ድልድይ፣ በአራት ኪሎ አድርጌ ስድስት ኪሎ ስደርስ አንዴም አላዳለጠኝም። ዲኤክስ የሚገፋት የኋላ ጎማ ነው፣ ሞተሯ ግን ከፊት ነው፤ ኋላዋ ቀላል ነው። መቶ ኪሎ እዚያ ላይ ሲያርፍ ጎማው በግዱ መሬት ይይዛል። እኔ ምን አልኩ? «እትዬ፣ አዩ ጎማ ማለት እንዲህ ነው!» ጤፉን አወረድን። አክስቴን ፖስታ ቤት አድርሼ ስመልስ ነው እንግዲህ ጉዱ የመጣው።

ሰልፉ ዳገቱ መሀል ላይ ቆመ። የቀኝ የኋላ ጎማዬ ያረፈው የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለም ላይ ነው፤ ሲረጥብ ሳሙና በሉት። በተራ ዲፈረንሻል፣ የሞተሩን ዙር ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች በሚያካፍለው ዕቃ፣ አንዱ ጎማ ከተንሸራተተ ዙሩ ሁሉ ወደሱ ይሄዳል፤ ሌላው ቆሞ ያያል። በዚያ ላይ ጎሚስታው «ጠግቧል» እስኪል ነፍቶልኝ 40 ፒኤስአይ ገብቶ ነበር። 900 ኪሎ እንኳ ለማትሞላ መኪና ይሄ ብዙ ነው፤ ጎማው ይወጠርና በመሀል ወገቡ ብቻ ይረግጣል። በዚያ ላይ ከእኔ በፊት የያዛት ሰው መኪናዋን ለማሳጠር የኋላውን ሞላ አንድ ዙር ተኩል ቆርጦታል። ስለገረረ በትንሽ ጉብታ ጎማው ከመሬት ይነሳል።

ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ጡሩንባውን ለቀቀው። ወያላው አንገቱን አውጥቶ፣ «ጀለስ፣ መኪናዋ ቆማ ነው እንዴ ስፖርት የምትሠራው?»

መፍትሔውን አውቀዋለሁ። ክብደት ወደ ኋላ ማዛወር፣ በሁለተኛ ማርሽ መነሳት፣ ነዳጅ በጥቂቱ፣ ፍሪሲዮን በቀስታ። የቸገረኝ የመጀመሪያው ነው።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ወደ ኋላ ወንበር ይሂዱልኝ።»

«ምን አደረግሁህ?»

«መኪናዋ ክብደት ፈልጋ ነው።»

ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከዳገቱ ይረዝማል። ከዚያ ጃንጥላ ዘርግተው፣ ወርደው፣ በሩን ገጭ አድርገው ዘግተው፣ ከኋላ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ወያላውም ሳይጠሩት መጥቶ በግራ በኩል ገባ። «አይዞት እማማ፣ እኔም ጤፍ ነኝ» አላቸው። ጤፉን ማን እንደነገረው እስካሁን አላውቅም። በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ይዤ፣ ተነሳን። ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ወያላው ወርዶ ወደ ሚኒባሱ እየሮጠ ተመለሰ፤ አክስቴ ግን እስከ ስድስት ኪሎ ወደ ፊት አልተመለሱም።

ሰኞ ጎሚስታው አራቱንም ፈታቸው። አዳዲስ ገዛሁ፣ መጠናቸው ያው፣ ጠዋት ሳይሞቁ ተለክተው 28 ፒኤስአይ። ጎን ላይ ያለውን የማሽከርከሪያ ቀስትም አንድ በአንድ አየሁ፤ ተገላቢጦሽ ከተገጠመ ቦዩ ውሃ ማስወጣቱን ትቶ ወደ መሀል ይሰበስባል። የተቆረጠውን ሞላም በሙሉ ሞላ ቀየርኩት፤ መኪናዋ ቁመቷ ጨመረ፣ ሰፈር ውስጥ ያለኝ ክብር ቀነሰ።

የጎሚስታው ረዳት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አዲሱን ጎማ እያንከባለለ ቁጥሩን አነበበና ቆመ። 1024።

«ጋሼ፣ ይሄን መልሰው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አጭበርብረውሃል። 2024 ይላል፤ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል።»