መጽሐፉን ዘግቼ ማጥናት ስጀምር

የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፌ ግማሹ በቢጫ ሀይላይተር የተቀባ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብዬ አንዱን ምዕራፍ ሦስቴ አራቴ አነበዋለሁ። ገጹን ሳየው ሁሉንም የማውቀው ይመስለኛል። ሞዴል ፈተና ላይ ከ50 ያገኘሁት 21 ነው። አለቀስኩ።

አያቴ ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ያን ቀን ማታ «እስኪ ዝጊውና ያነበብሽውን ንገሪኝ» አሉኝ። ኦስሞሲስ ነበር።

«ውሃ በስስ ሽፋን አልፎ ይሄዳል።»

«ከየት ወዴት?»

ዝም አልኩ። ስንቴ ያሰመርኩበት ነገር!

«እኛ የቃል ትምህርት የምንማረው ማታ በጨለማ ነበር» አሉ። «የሚታይ መጽሐፍ የለም። በልብሽ የያዝሽው ብቻ ነው ያለው።»

ከዚያ ወዲህ አንዷን ንዑስ ርዕስ አነብና መጽሐፉን እዘጋለሁ። የማስታውሰውን ባዶ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ገልጬ የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ እሞላለሁ። በማግስቱ የምጀምረው ከቀዩ ነው። የመጀመሪያዋ ቀይ መስመሬ «ውሃ የሚሟሟው ነገር ካነሰበት ወደ በዛበት» ትላለች። እሷን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

መልመጃ ስሠራ ደግሞ መልሱን ከማየቴ በፊት ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን «እ» ወይም «ጥ» እጽፋለሁ፤ እርግጠኛ ወይም ጥርጣሬ ለማለት። በመጀመሪያው ሳምንት «እ» ካልኳቸው 20 ጥያቄዎች 9ኙን ተሳስቻለሁ። ከውጤቱ ይበልጥ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። የተጠራጠርኩትን ተመልሼ አየዋለሁ፤ አውቀዋለሁ ያልኩትን ማን ያይልኛል?

ኋላ ላይ ይህ የራስን አስተሳሰብ መታዘብ ሜታኮግኒሽን እንደሚባል አወቅኩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙትን ጥናትም አገኘሁ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ አንዴ አንብበው ከዚያ ከጭንቅላታቸው ለማውጣት የሞከሩት 56 በመቶውን አስታወሱ። እኔም ዋርካው ሥር መጽሐፉን ስከድን ራሴን የምለካው በዚያች 5 ደቂቃ ውስጥ ነበር።

መንገዱ አዝጋሚ ነው። ጓደኞቼ ምዕራፍ ሲጨርሱ እኔ አራት ገጽ ላይ ነኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወደ ኋላ የቀረሁ መስሎኝ ልተወው ነበር። ለፊዚክስ ደግሞ ቃሉን መድገም ብዙም አልጠቀመኝም፤ እዚያ የሠራሁትን ስሌት ሸፍኜ እንደገና ከባዶ መሥራት ነበረብኝ።

አሁን አንዳንድ ቀን ጣና ዳር የምወርደው መጽሐፉን ቤት ትቼ ነው፤ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይዤ። ያቃተኝ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አደርጋለሁ። ስመለስ እሱኑ እያብሰለሰልኩ ባጃጁ ሰፈሬን ሊያልፍብኝ ይደርሳል።