ቦቬ ላይ ቀና ብላችሁ እዩ

ዛሬ ፈረንሳይ፣ የቦቬ ቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ነበርኩ። የድንጋይ ጣሪያው ከፍታ 48 ሜትር ገደማ ነው፤ ከጎቲክ (የመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የግንባታ ስልት) ካቴድራሎች ሁሉ በጣሪያ ከፍታ የሚበልጠው የለም። እ.ኤ.አ. በ1272 ተጠናቀቀ፣ በ1284 ከፊሉ ተደረመሰ። መንስኤው ዛሬም ያከራክራል። ሲጠግኑት በተራራቁት ምሰሶዎች መሃል ሌላ ምሰሶ አስገቡ፤ በምሰሶዎቹ መሃል ያለው ባለአራት ክፍል ጣሪያም ባለስድስት ክፍል ሆነ። ጠበብ ጠበብ ያሉት ሹል ቅስቶች ጥገናውን ያሳብቃሉ።

የሚገርመው ድፍረታቸው! ምዕራባዊው ረጅም አዳራሽ ሳይሠራ 153 ሜትር ማማ ጫኑበት። በ1569 አለቀ፣ በ1573 በዕርገት ዕለት ወደቀ። በምዕራብ በኩል የሚደግፈው ግንብ አልነበረማ! አዳራሹ እስከ ዛሬም አልተሠራም።

ከውጭ ግድግዳውን የሚደግፉትን ቅስቶች የሚያያይዙ ብረቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብዙዎቹ ብረቶች ሲነሱ ቅስቶቹ በነፋስ መወዛወዝ ጀመሩ፤ መልሰው በብረት አሰሯቸው።