ደሴ፣ ኮምቦልቻ እና የአባቷ ስም

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከጣርማበር እስከ ከሚሴ ያለውን ተኝቼ አለፍኩት። ስነቃ አውቶቡሱ ከኮምቦልቻ ወደ ዶሮ መዝለያ እያቃሰተ ሽቅብ ይወጣል። ደሴ በጉም ተሸፍና ጠበቀችን። ባጃጁ እስከ ፔንሲዮኑ 200 ብር አስከፈለኝ፤ በእግር 10 ደቂቃ እንደማይሞላ ያወቅኩት በማግስቱ ነው። አልጋው 600 ብር፣ ብርድ ልብሱ አንድ፣ እሱም ስስ። ሌላ ብጠይቅ «የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው» ተባልኩ። አዲስ አበባም እኮ ይበርዳል፤ ብርድ ልብስ ግን አይሰስቱም።

የእህቴ ልጅ ለሥራ ወደ ሳውዲ ልትሄድ ነውና ወረቀቷን ላስጨርሳት ነው አመጣጤ። ቅደም ተከተሉ ቀላል ይመስላል፦ ከወሳኝ ኩነት የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፋይዳ፣ በኦንላይን የፓስፖርት ማመልከቻ፣ በቀጠሮው ቀን አሻራና ፎቶ። ሰው የሚሰናከለው ስሙ ላይ ነው። የአባቷ ስም መሐመድ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ የመጀመሪያው አናባቢ በልደት ወረቀቱ «ኦ»፣ በፋይዳው «ዩ» ሆኗል። ወሎ ውስጥ ስንት መሐመድ የሚባል አባት እንዳለ ሲታሰብ፣ ይህቺ አንዲት ፊደል ስንቱን ሰው ከመስኮት እንደመለሰች መገመት አይከብድም።

ያዳነችን ኮፒ ቤት ያለችው ሴት ናት። «አብሽር ጋሼ፣ በየቀኑ ነው የሚመጣው» አለችና ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀምጣ ልዩነቱን በእርሳስ አከበበችው። ማረሙ ከሥር ይጀምራል፦ መጀመሪያ የልደት ወረቀቱ፣ ከዚያ ፋይዳው፣ ፓስፖርቱ መጨረሻ። የልደት ቀኑንም ያየችው እሷው ናት። ልጅቷ ጥቅምት 1996 ነው የተወለደች፤ ፎርሙን የሞላላት ሰው ዝም ብሎ 8 ደምሮ 2004 አድርጎታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ የተወለደ ሰው 7 ነው የሚደመርለት፤ 8 ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ 2003። ለዚህ ሁሉ የተቀበለችን የኮፒውን ዋጋ ብቻ ነው።

ውጭ የቆመ ደላላ «ለቪዛና ለቲኬት» ብሎ 40 ሺህ ብር ጠይቋት ነበር። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የኢንሹራንስን ወጪ የጣለው አሠሪው ላይ ነው። ሠራተኛዋ ለፓስፖርት፣ ለሕክምና ምርመራ፣ ለክትባት፣ ለልደት ምስክር ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ ለመሆን ማስረጃና ለሙያ ብቃት ምዘና ትከፍላለች። ይህን ስነግረው ድንገት ስልክ ተደወለለትና ሄደ።

ሐሙስ ኮምቦልቻ ወረድን። 25 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው፤ ጃኬቴን ግን ገና መንገድ ላይ አወለቅኩ። ወንድሟ ጂዳ ነው፤ እዚህ ያለችውን ቤቱን እንድሸጥለት ውክልና ልኮልኛል። በቆንስላው የተሰጠ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ወስጄ ያረጋገጥኩት፣ ማኅተሙ የተሟላ ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ሁለቴ አነበበውና «መሸጥ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለኝ።

«ጠቅላላ ውክልና እኮ ነው።»

«እሱማ ነው፤ መሸጥ ግን የለበትም።»

ብናደድም እውነቱን ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በጠቅላላ ቃል የተሰጠ ውክልና ከማስተዳደር አያልፍም፤ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ ቃሉ በግልጽ ይጻፍ፦ መሸጥ፣ ገንዘቡን መቀበል፣ ስም ማዛወር፣ በባንክ ማስያዝ፣ ከሳሽም ተከሳሽም ሆኖ መከራከር። የካርታው ቁጥርና ቀበሌውም ቢገባ ጥርጣሬ ይቀንሳል። ልጅቷም ከመሄዷ በፊት ውክልናዋን እዚሁ ሰጥታ እንድትሄድ የወሰንነው ያኔ ነው፤ እዚህ ግማሽ ቀን የሚፈጀው ከዚያ ማዶ ወራት ይበላል።

ለወንድሟ ደወልን። ሰዓታችን ከጂዳ ጋር አንድ ነው፤ ሳምንታችን ግን ይለያያል። እነሱ ዓርብና ቅዳሜ ያርፋሉ፣ እኛ ቅዳሜና እሑድ። ቢሮ ለቢሮ የምንገናኘው ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ነው። ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት ሆኗል። «እሑድ እሄዳለሁ፣ ጽሑፉን ላኩልኝ» አለ። በወረቀት ጀርባ ጻፍንለት፤ «መሸጥ» የሚለውን ልጅቷ ሁለቴ አሰመረችበት።