«ሐና» ያልናት ሰው ጠይቀን ነው

ለልጃችን ስም ስንፈልግ ባለቤቴ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀው። አዲስ አበባ ያለችው አያቷ ሳትቸገር የምትጠራው፣ እዚህ ቨርጂኒያ ያለች አስተማሪም የማትሰባብረው ስም ይሁን አለ። እናቴ «ሐና በሏት» አለች። የእመቤታችን እናት ስም ነው፤ ለእሷ ነገሩ እዚያው አለቀ። እኔ ግን ስሙ በሌላው ዘንድ ምን እንደሆነ ሳላጣራ ፎርም አልሞላም አልኩ።

መጀመሪያ የስም ትርጉም የሚዘረዝሩ ድረ ገጾችን አየሁ። እዚያ ሁሉም ሴት ወይ «ውብ» ናት ወይ «ልዕልት»። ተውኳቸውና ሰው መጠየቅ ጀመርኩ።

ዕብራይስጡ አያስቸግርም፤ ጸጋ፣ ሞገስ ነው። ዮሐንስም ከዚሁ ሥር ይመጣል፤ «እግዚአብሔር ቸር ነው» እንደማለት። አባቴ ዮሐንስ ስለሆነ እናቴ ይሄን ስትሰማ ስልኩ ላይ እልል አለች። የካርቴጁ ጦር መሪ ሐኒባልም የዚሁ ሥር ዘመድ ነው፤ የሱ ስም ግን ቸርነቱን ለጣዖቱ ለበኣል ይሰጣል። እሱን አልነገርኳትም።

እዚህ ቨርጂኒያ፣ አናንዴል በሚባለው ሰፈር ኮሪያውያን ይበዛሉ። ከምገበይበት ሱቅ ካሸሯን ጠየቅኳት። ጣቶቿን እያነሳች «ሃና፣ ቱል፣ ሴት» ብላ ቆጠረችልኝ። አንድ ማለት ነው። ለበኩር ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይምጣ! ጃፓንኛው ደግሞ አበባ ነው።

አረብኛው ላይ ነው የቆየሁት። ሊባኖሳዊ ባልደረባዬ ስሙን ስጠራለት ሳቀ። «አጎቴ እኮ ሐና ነው» አለኝ። ለካ ከጉሮሮ በሚወጣው ሐ፣ «ና»ን ጠበቅ አድርገው ሲጠሩት፣ በሊባኖስና በሶሪያ ክርስቲያኖች ዘንድ የወንድ ስም ነው፤ ዮሐንስ ማለት። ዞረን ዞረን አባቴ ጋ ደረስን። በቀላሉ ሀ ጀምረው መጨረሻውን ሲያስረዝሙት ደግሞ የሴት ስም ይሆናል፤ ደስታ ነው ትርጉሙ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ሐንና ሀን በአፋችን አንለይም፤ አረቡ ግን ይለያል።

ስለዚህ ስም የምትፈልጉ፣ ጽፋችሁ ከማሳየት ጠርታችሁ አሰሙ። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብላችሁም አታብቁ፤ «እናንተ ጋ እንዲህ የሚባለው ማነው?» በሉ። የአጎትየው ወሬ የወጣው በዚህ ነው።

የቀረው የላቲን አጻጻፉ ነበር። አንድ ኤን፣ ሁለት ኤን፣ መጨረሻው ላይ ኤች፤ ሁሉም አለ። እኛ አጭሩን ወሰድን። የቱንም ብትመርጡ በልደት ሰርተፊኬቱም፣ በኢንሹራንሱም፣ በፓስፖርቱም ላይ ያንኑ ጻፉ። በአንድ ፊደል ልዩነት የሚመለስ ወረቀት ብዙ ነው።